በቶራ ጄፕሰን ምድር ቤት የነበረው ስንዴ

ቶራ ጄፕሰን ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍን ነበር። የፊት ጥርሷ ትንሽ ስለተወላገደ ነው። ከዚያ ሌላ የምትሸፍነው ነገር ያላት አይመስለንም ነበር። አጥራችን አንድ ነው፤ እሷ ልብስ ስታሰጣ እኔ አያለሁ፣ እኔ ዶሮዎቼን ስጠራ እሷ ትሰማለች። በመንደራችን በስዋን ቤንድ ካለነው ሴቶች ሁሉ ድምፅ የታደለችው እሷ ነበረች። በጸሎት ቤት መዝሙር ስትጀምር ሌሎቻችን ድምፃችንን ዝቅ እናደርግላታለን፤ ለሙሽራ መንገድ እንደሚለቀቅ።

ባሏ ጎልደን ከጉርምስናው ጀምሮ በስኳር ፋብሪካው የኖረ፣ ቁመቱ የተመዘዘ፣ ጉልበቱ የታመመ ሰው ነው። ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለሙገሳ ብቻ አይደለም፤ አብሮት ለሚኖር ሰው ይከብዳል። እህት አርቪላ ባንከር አዲስ ኮፍያ አድርጋ መጥታ «እንዴት ነው ወንድም ጄፕሰን?» ብትለው «ድስት ይመስላል» ያላት ሰው ነው። አርቪላ ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ ደመወዝ የለውም፤ ኤጲስ ቆጶሳችን ሩሎን ሃች በሥራ ቀን የመኪና ጎማ ይሸጣል፤ እሑድ እኛን ይመራል። ጎልደንን በማሸጊያው ቤት የመዝጊያ መኪናው ላይ የመደበው እሱ ነው። ማሸጊያው ቤት የቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ከሸለቆው ማዶ፣ ከተማው ውስጥ። የየአጥቢያው ሰው በተራው እየሄደ በነፃ ይሠራል፤ በመከር ኮክ እንልጣለን፣ በብርዱ ወራት ስንዴና ባቄላ፣ የዱቄት ወተትም በጣሳ እንሞላለን። ከፊሉ ለድሆች መጋዘን ይሄዳል። ከፊሉን እየገዛን ለየምድር ቤታችን እንጭናለን፤ ክፉ ቀን ይመጣልና ተዘጋጁ ተብለን አድገናል።

እዚያ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ የወተቱ ዱቄት አየሩን ሞልቶት እርስ በርስ እንደ ጭጋግ ውስጥ እንተያያለን። ሁላችንም ፀጉራችን ላይ መረብ፣ ወገባችን ላይ ሽርጥ፤ ጣሳው እየተንኳኳ በሰልፍ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ጎልደን ቆሟል። ክዳኑን ያስቀምጣል፣ ማንሻውን ይስባል፣ መኪናው አንዴ ይዞርና ጣሳው ይዘጋል። ከዚያ ጎልደን በአውራ ጣቱ የክዳኑን ከንፈር ዙሪያውን ይዳስሳል። ሳይዳስስ ያሳለፈው ጣሳ የለም።

«እህት ቶራ፣ ይህ ሰውዬ ቤት ውስጥም እንዲህ ነው የሚጠነቀቀው?» ትላለች አርቪላ።

«ቤትማ የቅቤውን ክዳን እንኳ ገጥሞ አያውቅም!» ትላለች ቶራ፣ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ።

«ቅቤው ሰባት ዓመት መቆየት የለበትማ» ይላል ጎልደን ቀና ሳይል። እኛ ስንስቅ ቶራ ታንጎራጉራለች፦

ፊቴን ወተት ነካው፣ ቅንድቤም ገረጣ፤
ባሌ አላወቀኝም ከሥራ ስወጣ።

ጎልደን ደመወዙን ለምድር ቤቱ አዋለው። ሰው መኪና ሲቀይር እሱ መደርደሪያ ይጨምራል። የሌሎቻችንን ስንዴ ጉድ እንዳታወጡብኝ፤ የአርቪላው አልጋ ሥር ተገፍቶ ይኖራል፣ የእኔው ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል፤ ከፋብሪካው አጠገብ ጎማ ባላቸው ተጎታች ቤቶች የሚኖሩት ልጅ እግር ባለትዳሮች ደግሞ ጭራሹኑ የላቸውም። የጄፕሰኖቹ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ነበር። ጣሳው በየረድፉ፣ ጽሑፉ ወደ ፊት፣ ስንዴው በስንዴ፣ ወተቱ በወተት። ቶራ እየወረደች አቧራውን ትጠርጋለች። ሰኞ ሰኞ ከቤተሰብ ጸሎት በኋላ ጎልደን ጉልበቱን እየደገፈ ይወርድና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሞ ያያል። ከዚያ በላይ አይሄድም። የተዘራ ማሳውን ዳር ቆሞ እንደሚያይ ገበሬ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ።

ጭስ ማውጫው ቀዝቅዞ ቁራ ሰፈረበት። ልጆች ያሏቸው ጓዛቸውን ጭነው ወደ ከተማ ሄዱ። ጎልደንን በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት የሚቀጥረው አልተገኘም። የጄፕሰን ልጆች ቀድመው ተበትነዋል፤ አንዷ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ አላስካ። ወላጆቻቸው «ደህና ነን» ብለው ይጽፉላቸዋል። የምትጽፈው ቶራ ናት፤ ጎልደን እንደዚያ ብሎ መጻፍ አይችልም።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው።

በመከር ወራት ኮክ ለማሸግ ሄድን። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፤ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቋል። ጎልደን ማንሻውን እንደያዘ ዝም ብሎ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ክዳን የሌለው ጣሳ ተደፍቶ ኮኩ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ኤጲስ ቆጶሱ ሮጦ ደግፎ አስነሣውና ውጭ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ቶራ ውሃ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ምን በልተው ነው የመጡት ወንድም ጄፕሰን?»

«ድንች።»

«ትናንትስ?»

«ድንች።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ኤጲስ ቆጶስ፣ ድንች ድንች ነው። ምን ያስጠይቃል?»

ሩሎን ሃች ባርኔጣውን አውልቆ ቶራን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። «ከመጋዘኑ ልዘዝልዎት» አለው። «የዚህ ሁሉ ኮክ ክዳን የእርስዎ እጅ ያለፈበት ነው። ትንሽ ቢወስዱ ማን ይናገርዎታል?»

«እሱ የድሆች ነው።»

«እርስዎስ ማን ነዎት ታዲያ?»

«ምድር ቤቱ ሙሉ የሆነ ሰው ድሃ አይባልም።»

«እንግዲያስ ምድር ቤቱን ይክፈቱት እንጂ!»

«ቀኑ አልደረሰም» አለ ጎልደን፤ ተነሥቶም ወደ መኪናው ተመለሰ።

ቤት እንደገቡ ቶራ ኮቷን ሳታወልቅ ጀመረችው። «ርሃብ ከዚህ በላይ ምን ቀንድ እስኪያወጣ ነው የምትጠብቀው? ቀበቶህን ስንቴ በሳሁልህ?»

«ይህ የእኔና የአንቺ ርሃብ ነው ቶራዬ። ያኛው የሁሉ ይሆናል። ያን ቀን ልጅ ያቀፈች ሴት በሬን ብታንኳኳ ምን ልበላት? ‹ራሴ በላሁት› ልበላት?»

«ያን ቀን አንተ ከሌለህ ማን በር ይከፍትላታል?»

«አንቺ ትከፍቺላታለሽ።»

አያችሁ፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ከስስት ጋር መጣላት ይቻላል። እንዲህ ያለ ደግ ልብ ሲርበው ግን እንጀራ ፊት ለፊት አይሰጡትም፤ በጓሮ በር ነው የሚገባለት።

በማግስቱ ጎልደን ሥራ ሊፈልግ ሲወጣ ቶራ ምድር ቤት ወረደች። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ የስንዴ ጣሳ አወጣች፤ ሽርጧን ወለሉ ላይ አንጥፋ ጣሳውን በክዳኑ ደፋችው፤ መክፈቻውን ከታች፣ ከቂጡ በኩል ነከሰችበት። ስንዴው ሽርጧ ላይ ሲፈስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ የሚያያት ባይኖርም። ባዶውን ጣሳ መልሳ አቆመችው። ክዳኑ እንዳለ፣ ጽሑፉ ወደ ፊት፣ ቦታው እዚያው። ከደረጃው ላይ ሆኖ ለሚያይ ምንም አልተነካም።

እኔ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ነበረኝ። በጓሮ በኩል መጣች።

«ሜልባ፣ ወፍጮሽን ላስቸግርሽ?»

«የእናንተ ምን ሆነ?»

«የእጁ ወፍጮ ሲንጓጓ ጎልደንን ራሱን ያመዋል።»

«ወንዶች! የማያማቸው የእህል ሥራ የለም» አልኋት። አፏን ሸፈነች፤ የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ዳቦው ሲቀርብ ጎልደን አልቆረሰም። «ከየት ነው?»

«እህቴ ከሞንታና ላከችልኝ። ዘንድሮ ጥሩ አዝመራ ያዘች።»

ያኔ ጸልዮ በላ፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሁሉ ለቀመው። «የእህትሽ ስንዴ መልካም ነው» አለ። «የእኛን ግን አያህልም።»

እንዲህ ተጀመረና እንዲሁ ቀጠለ። ከስንዴው ወደ ባቄላው፣ ከባቄላው ወደ ወተቱ። የሞንታናዋ እህት ቸርነት በሰፈሩ ተወራ። የጎልደን ጉንጭ ሞላ፤ ማንሻውን የሚስብበት ክንዱ ተመለሰለት፤ ለሰው ሁሉ ጣሳ ይዘጋል፣ ለራሱ መግዣ ግን የለውም። ቶራ በልቧ ተስፋ አላት፤ አንድ ቀን ሥራ ያገኛል፣ እኔም አንድ በአንድ እተካዋለሁ ትላለች። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ ሥራው አልመጣም። ሰኞ ሰኞ ግን ጎልደን መውረዱን አልተወም። እሷ ከኋላው መብራት ትይዝለታለች።

«አየሽ ቶራዬ? አንድም አልጎደለም።»

«አልጎደለም» ትላለች።

አንድ ጠዋት አንሶላ ስታሰጣ ስታንጎራጉር ሰማኋት፦

ስንዴዬ ከጓዳ ተኝቷል ታሽጎ፤
ርሃብ በር ያንኳኳል እኔኑ ፈልጎ።

«እሰይ! ይህን ለማሸጊያው ቤት አስተምሪን» አልኋት በአጥሩ ላይ። አንሶላውን በመካከላችን ዘረጋችውና ፊቷ ጠፋኝ።

በረዶው የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ሽማግሌዎቹ እንኳ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም አሉ። ቀንና ሌሊት ሳያባራ ወረደ፤ ከዚያ ከተራራው ናዳ ተንዶ የሸለቆውን መንገድ ደፈነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ተሰበረ። የመንደሩ ሱቅ በጠዋት ተከፍቶ ሳይመሽ ባዶ ሆነ፤ በየቤታችን የነበረችው ጥቂት ጣሳም ተመናመነች። ማሸጊያው ቤትም መጋዘኑም ከማዶ ቀሩ። በተጎታች ቤቶቹ ውስጥ ያሉት እናቶች ለልጆቻቸው የሰጡትን ብስኩት መሃል ለመሃል መክፈል ጀመሩ።

ደግሞ የጾም እሑድ ነበር። በወሩ መጀመሪያ እሑድ እህል ሳንቀምስ ተሰብስበን፣ መንፈስ ያነሣሣው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይመሰክራል። ጸሎት ቤቱ ብርድ ነው፤ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል። ጎልደን ተነሣ። ቶራ የኮቱን ጫፍ ስትይዝ ከኋላዋ ሆኜ አይቻለሁ፤ ስለ ጉልበቱ የሠጋች መስሎኝ ነበር።

«ወንድሞቼና እህቶቼ» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ በደስታ ነው። «በእኔ ስትስቁብኝ ኖራችኋል። አልተቀየምሁም፤ እኔም አንዳንዴ በራሴ ስቄያለሁ። ያ ቀን ግን መጥቷል። ምድር ቤቴ ሙሉ ነው። ለዓመታት ሳልነካው የጠበቅሁት ለእናንተ ነው። ከዚህ ስትወጡ የልጆቻችሁን የበረዶ መንሸራተቻ እየጎተታችሁ ኑ። ልጅ ያላቸው ይቅደሙ።»

ሴቶች አለቀሱ። አርቪላ እንኳ መሐረብ አወጣች። ቶራ አላለቀሰችም፤ ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን ታይ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጎልደን ያ የታመመ ጉልበቱ የእሱ እስከማይመስል ድረስ በረዶውን እየጣሰ ቀደማት።

«ጎልደን፣ ቁም እስቲ።»

«ቤት ገብተን እንቆማለን።»

«የምነግርህ ነገር አለ።»

ቆሞ ዞረ። «ንገሪኝ።» ቶራ ያን ፊት አይታው የምታውቀው አንድ ጊዜ ነው፤ በተጋቡ ቀን፣ በመቅደሱ ውስጥ፣ በመሠዊያው ማዶ ተንበርክኮ እጇን ሲይዝ። አፏን ከፈተች። ከኋላቸው የልጆች ጫጫታና የሚጎተት ሳንቃ ድምፅ ይመጣል።

«ሻርፕህ ተፈትቷል» አለችና አሰረችለት።

ሰዉ በግቢው ተሰለፈ። የምድር ቤቱ በር ከውጭ በኩል ነው፤ ደረጃው ተዳፋት። ጎልደን አፋፉ ላይ ቆመ፤ ቶራ ወረደች። የቱ ሙሉ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሙሉዎቹን እየመረጠች ታቀብለዋለች፤ እሱ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳስሶ፣ የሰውየውን ስም ጠርቶ ይሰጣል።

«ለእህት ዳርሊን፣ ወተት፤ ሕፃን አላት! ባቄላ ጨምሪ ቶራ! ከታችኛው መደርደሪያ ነው፤ የዱሮውን እናስቀድም!»

«እሺ።»

«ስንዴ! ስንዴ በደንብ አውጪ!»

«እሺ፣ ጎልደን።»

እኔም ተሰልፌ ነበር፤ ሁለት ጣሳ ደረሰኝ። ቶራ ከታች ስትመላለስ ይሰማናል። ለራሳቸው አንድም አላስቀረችም፤ ሙሉ ነው ያለችውን ሁሉ ወደ ላይ ሰጠች። ከዚያ እጇ ቆመ። ወረፋው ገና ነበር።

«ቶራ! ስንዴ!»

ጣሳ አልወጣም።

«ቶራዬ? ደከመሽ እንዴ?» ጎልደን ግድግዳውን ተደግፎ አንድ በአንድ ወረደ። ስንቱን ዓመት ይቆምበት ከነበረው ከመጨረሻው ደረጃ አልፎ ወለሉን ረገጠ። ቶራ መደርደሪያዎቹን በጀርባዋ ከልላ ቆማለች። በጎኗ አልፎ አንድ ጣሳ ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤ ክብደት ጠብቆ ስለነበር ጣሳው ወደ ላይ በረረበት። ገለበጠው። እጁን በተከፈተው ቂጥ አስገባ፤ ከአንጓው አልፎ ገባለት፤ ጣቱ ራሱ የዘጋውን ክዳን ከውስጥ በኩል ነካ። ሌላ አነሣ። ሌላም።

«ማን ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«እኔና አንተ።»

«እኔ?»

«በላኸው ጎልደን። ያን ቀን በኮኩ ውስጥ ከወደቅህ ጀምሮ።»

ከላይ ሰው ተጣራ፦ «ወንድም ጄፕሰን! ደህና ናችሁ?» አንዱ ሊወርድ ደረጃውን ረገጠ። ቶራ ዐይኗን ጨፈነች። ጎልደን ፈጥኖ ዞረና ከደረጃው ሥር መብራቱን በሰውነቱ ጋረደው። ከእሱ ኋላ የሚታየው በየረድፉ የቆመ ጣሳ ብቻ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ።

«አትውረዱ!» አለ። «በቃ። የቀረው ለእኛ ነው።»

እንግዲህ ጎልደን ጄፕሰን በሕይወቱ የዋሸው ውሸት ይህ ነው።

ሰዉ ተበተነ። ያልደረሳቸው ባዶ ሳንቃቸውን እየጎተቱ ሄዱ። መንደር ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ርሃብ ሲጨመርበት ምላስ ይረዝማል።

«አያችሁልኝ?» አለች አርቪላ። «ጭራውን ሰጥቶን በሬውን ይዞ ቀረ! ዮሴፍ ለግብፅ ሁሉ ነበር የከፈተው። እኔን ድስት ያለኝ ሰውዬ የራሱን ድስት ከድኖ ተቀመጠ!»

«ኧረ ተይ፣ የሰጠንን እንብላበት» ያላት ነበረ። ግን ነገሩ በሁላችንም ልብ ገብቶ ነበር። ማንም በራቸውን አላንኳኳም። እኔ በመስኮት ጭሳቸውን አይ ነበር፤ ጭስ ካለ ድስት አለ ብዬ። ለካ የሚፈላው ውሃ ነው። የቀራቸው ካሮትና የዱቄት ጠርሙስ ሥር የተጣበቀ ዱቄት ነበር።

ቶራ ወደ እኔ ልትመጣ ፈልጋ ነበር። «ልሂድ ጎልደን፤ ሜልባ አትነፍገኝም» ብላዋለች።

«ሄደሽ ምን ልትያት? ለእኛ ነው ብዬ ሕዝብ መልሼ?» አላት እንጂ አልተቆጣትም። ስለ ጣሳውም አልጠየቃትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣

«የእህትሽ ስንዴ…?» አላት።

«የእኛ ነበር።»

«ጥሩ ስንዴ ነበር» አለ።

ካሮቱን ቀቅላ ስታቀርብ የእሱን ድርሻ ወደ እሷ ሳህን ይገፋል፤ እሷ መልሳ ትገፋለች፤ እንዲህ ሲገፋፉ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀን በኋላ ጎልደን አካፋውን ይዞ መውጣት አበዛ። የመበለቶቹን መግቢያ ይጠርጋል፣ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ያራግፋል። ሰው ሲያየው «ሲጠግብ ጉልበቱ ተመለሰለት» ይላል። እሱ የማይመለስለትን ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያው ወርዶ ቤቱ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ። ቶራ ጫማውን ስትፈታለት እግሩ ከበረዶው ይልቅ ቀዝቅዞ ነበር። ለመንገዱ መከፈት ጥቂት ቀን ሲቀር ሞተ።

እኛ የሴቶች ማኅበር ነን ሬሳ የምናለብሰው። ነጩን የመቅደስ ልብሱን ስናለብሰው እጃችን ላይ ያለው ሰው አጥንት ብቻ ነበር። አርቪላ ቀበቶውን ያዘችና ከዳር እስከ ዳር የተበሳውን ቀዳዳ በጣቷ ተከተለችው።

ኤጲስ ቆጶሱ ቶራ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አያትና «እህት ጄፕሰን፣ እህል ከቀመሱ ስንት ጊዜ ሆነ? ቆይ፣ ከታች አንድ ነገር ላምጣልዎት» ብሎ ወረደ። ቆየ። ሲመለስ በእያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ ጣሳ ይዟል፤ እንደ ወረቀት አንጠልጥሏቸዋል፤ በአንደኛው ቂጥ በኩል የመስኮቱ ብርሃን ክዳኑ ላይ ያበራል።

ቶራ አልካደችም። ቆማ ነገረችን፤ ከቆመችበት እንዳትወድቅ እኔ ይዣት ነበር።

«ይህ ከዚህ ክፍል አይውጣ» አለ ሩሎን ሃች። «እሱ ሸፍኖት የሞተውን እኛ ለምን እንገልጣለን?»

«እሱ የሸፈነው እኔን ነው» አለች። «ራሱን አጋልጦ። ስስታም ተብሎ ከሚቀበር ሌባ ተብዬ ልኑር።»

«የሠሩት ሌብነት አይደለም።»

«እዚያ ወረፋ ቆመው ባዶ እጃቸውን ከተመለሱት መካከል ልጆች አልነበሩም? ስሙን እንግዲህ እናንተ አውጡለት።»

መንገዱ ተከፈተ፤ ልጆቻቸው ከካሊፎርኒያና ከአላስካ ደርሰው ቀበርነው። ቀጣዩ የጾም እሑድ ሲመጣ ጸሎት ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። ቶራ በዚያው ወንበሯ ተነሣች። እንድትዘምር የምንጠብቃት ድምፅ ሳይሆን ደረቅ፣ የገበያ ድምፅ ነበር ያወጣችው።

«ባሌ ምንም አላስቀረባችሁም» አለች። «ያስቀረ መስሎ የታየው እኔ ባዶውን ጣሳ ስለደረደርሁ ነው። ስንዴውን እያታለልሁ ያበላሁት እኔ ነኝ። እንዲኖርልኝ ነው ያበላሁት። የሰጣችሁ ያለውን ሁሉ ነው፤ ‹ለእኛ ነው› ያላችሁ እንዳታዩኝ ነው። ስሙን መልሱለት። ስለ እኔ የፈለጋችሁትን በሉ። ይህን የምለው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ነው።»

በዚህ ጊዜ ጉባኤው አሜን ይላል። ልማዱ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያን ቀን ማንም አላለም። ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ገጠምሁት። አርቪላ ጭኗ ላይ ያለውን መሐረብ ትጠመዝዛለች። ዳርሊን ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ አንገቷን ደፍታለች።

ቶራ ትንሽ ጠበቀችን። ከዚያ ራሷ «አሜን» አለችና ተቀመጠች።